የዘጠኝ ሰዓቱ መቶ አለቃ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ወንድሞቼ፣ ዛሬ ስለ እኛ ስለ ወንዶቹ እንነጋገር። በተለይ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ፣ ከቢሮ ቢሮ፣ ከሱቅ ሱቅ ስንሯሯጥ ስለምንውለው።

ጨዋታችን የታወቀ ነው። ቤቱ ምን ደረሰ? ቅድመ ክፍያው ስንት ነው? ዕቁቡ መቼ ይደርስሃል? ይህ ኃጢአት ነው አልልም። ኑሮ ተወዷል። ለቤተ ሰዎቹ የማያስብ ሰው ከማያምን ይልቅ እንደሚከፋ ቅዱስ ጳውሎስም ጽፏል (1ጢሞ. 5፥8)። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ደመወዙን ቤት ካስገባን ድርሻችንን የጨረስን ይመስለናል። ጸሎቱን ለሚስት፣ ጾሙን ለእናት፣ ልጆቹን ለሰንበት ትምህርት ቤት ትተናል። በጊዮርጊስ በኩል ስናልፍ ከመኪና ሳንወርድ እናማትባለን። ማማተቡ መልካም ነው፤ አልነቅፈውም። ግን ወርደን የምንገባው ስንቶቻችን ነን? የዚያ ደብር ታቦት በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ዘምቷል። ያን ጊዜ ወንዱ ቤቱንና እርሻውን ትቶ ነበር ታቦቱን የተከተለው።

ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10ን እስኪ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ቆርኔሌዎስ መናኝ አልነበረም። በቂሣርያ የሚኖር የሮም መቶ አለቃ ነው። ሹመት አለው፣ ደመወዝ አለው፣ አሽከሮች አሉት። መጽሐፉ ግን ስለ ቤቱ ስፋት አንድም ቃል አይናገርም። የሚነግረን ከነቤተ ሰቡ እግዚአብሔርን እንደሚፈራ፣ ብዙ ምጽዋት እንደሚሰጥና ሁልጊዜ እንደሚጸልይ ነው። መልአኩ የመጣለትም በዘጠኝ ሰዓት፣ በቤቱ ሲጸልይ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ጌታችን በመስቀል ላይ ነፍሱን በፈቃዱ ከሥጋው የለየበት ሰዓት ነው። ረቡዕና ዓርብን እስከዚያ ድረስ የምንጾመውም ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ሰዓት እኛ ወይ ስብሰባ ላይ ነን፣ ወይ ስልካችን ላይ። ወንበራችን ላይ እንዳለን ከልብ የሆነች አንዲት «አባታችን ሆይ» ማን ይከለክለናል?

ደግሞ ቁጥር 7ን አትለፉት። ቆርኔሌዎስ ሐዋርያው ጴጥሮስን እንዲጠሩለት ወደ ኢዮጴ ከላካቸው ሰዎች አንዱ እግዚአብሔርን የሚያመልክ ወታደር ነበር። አለቃው እንዲህ ሲሆን ጭፍራውም ይከተላል። አብሮን የሚሠራው ወጣት ከእኛ የሚማረው ምን ይሆን? ገንዘብ ማሳደድ ብቻ እንዳይሆን እፈራለሁ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ይኸኛው ነው። ጸሎቱና ምጽዋቱ ወደ እግዚአብሔር እንዳረገ መልአኩ ነግሮታል። ሌላ ሰው ቢሆን «እንግዲያስ ይበቃኛል» ይል ነበር። እርሱ ግን ጴጥሮስን አስጠራ ሲባል መልአኩ እንደ ሄደ ሰው ላከ። ዘመዶቹንና የቅርብ ወዳጆቹንም ሰብስቦ ጠበቀው። እኛ ዘመድ የምንሰበስበው መቼ ነው? ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ቤት ሲመረቅ። ቃለ እግዚአብሔር እንስማ ብሎ ወዳጆቹን ቤቱ የጠራ አባወራ በየሰፈራችን ይኖር ይሆን? ያ መቶ አለቃ ግን ጠራ። ጴጥሮስ ገና ሲናገር መንፈስ ቅዱስ በሰሙት ሁሉ ላይ ወረደ። እነርሱም ተጠመቁ።

ስለዚህ ወንድሞቼ፣ ማታ ቤት ስንገባ ቴሌቪዥኑን ዘግተን ልጆቹን እናስነሣ፤ ጸሎቱን አባት ይጀምር። ደመወዝ ሲገባ የነዳያንን ድርሻ ከዕቁቡ በፊት እናውጣ። ስንሰጥም ስማቸውን እንጠይቃቸው።

ቆርኔሌዎስና ወገኖቹ ከተጠመቁ በኋላ ጴጥሮስን ጥቂት ቀን አብሯቸው እንዲቀመጥ ለምነውታል። እኛ የንስሐ አባታችንን የምንጠራቸው ለአዲሱ ቤት ጠበል እንዲረጩልን ነው። ረጭተው፣ ጠበል ጻዲቅ ቀምሰው ይሄዳሉ። የሚቀጥለው ጊዜ በሩን ዘግተን እናስቀምጣቸው። ስለ ቤቱ ሳይሆን ስለ ራሳችን እንንገራቸው፤ ከስንት ጊዜ ጀምሮ ሥጋ ወደሙ እንዳልተቀበልን፣ ለምንስ እንደ ሆነ።