ብዙ መድኃኒት የሚወስዱ አዛውንቶች እና የልብ ምት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እናት አባቱን ወይ አያቱን የሚያስታምም ሰው ሁሉ ይቺን ቢያነባት ደስ ይለኛል።

«ሁሉንም ያዘዘው ሐኪም ነው፣ ምን ችግር አለው?»
ሐኪም ነው፣ ግን አንድ ሐኪም ነው ወይ? የልቡ ሌላ፣ የስኳሩ ሌላ፣ የነርቩ ሌላ ሆኖ አንዱ የሰጠውን ሌላው ሳያየው ይቀራል። በዛ ላይ እድሜ ሲገፋ ኩላሊት ስለሚደክም ድሮ የተስማማቸው ዶዝ አሁን ሊበዛባቸው ይችላል።

«አንቲባዮቲክና ልብ ምን አገናኛቸው?»
ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አዚትሮማይሲን፣ ክላሪትሮማይሲን፣ የፈንገሱ ፍሉኮናዞል፣ ለድብርት የሚሰጠው ሲታሎፕራም፣ እነዚህ ሁሉ ልብ ከአንዱ ምት ወደ ቀጣዩ ለመዘጋጀት የሚፈጅባትን ጊዜ ያረዝማሉ፣ ኢሲጂ (የልብ ምት በወረቀት የሚነበብበት ምርመራ) ላይ ኪውቲ የሚባለው ማለት ነው። አንዱ ለብቻው ብዙ ጊዜ ምንም ላያመጣ ይችላል፣ ሁለት ሦስቱ ሲደራረቡና የሚያሸናው ፉሮሴማይድ ደማቸው ውስጥ ያሉትን ፖታሲየምና ማግኒዥየም የሚባሉ ማዕድናት ሲያወርዳቸው ግን ምቱ ድንገት ተዛብቶ ራሳቸውን ስተው ሊወድቁ፣ ሊሞቱም ይችላሉ። ሲታሎፕራም ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው በቀን ከ20 ሚሊግራም እንዳይበልጥ የሚመከረው ለዚህ ነው።

«ያቅለሸለሻቸው ከጨጓራ ነው፣ የማስታወክ ማስታገሻ ይጨመርላቸው»
ለልብ የሚሰጠውን ዲጎክሲን የሚወስዱ ከሆነ በጣም ተጠንቀቁ። ለሳል ብለው ክላሪትሮማይሲን ሲጀምሩ ዲጎክሲኑ ደማቸው ውስጥ ይጠራቀማል፣ ምግብ ያስጠላቸዋል፣ ያቅለሸልሻቸዋል፣ አንዳንዴም ያዩት ነገር ሁሉ ቢጫ ቢጫ ይልባቸዋል። ቤተሰብ ደግሞ አዝኖላቸው ማስታወክ የሚያስታግሰውን ኦንዳንሴትሮን ይገዛል፣ እሱም ራሱ ኪውቲ ያረዝማል! ምን ልጨምርላቸው ከማለት በፊት የትኛው መድኃኒት ነው እንዲህ ያደረጋቸው ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

«የዓይን ጠብታ እንደ መድኃኒት አይቆጠርም»
ይቆጠራል። ለግላኮማ (ለዓይን ግፊት ሕመም) የሚሰጠው ቲሞሎል ወደ ደም ይገባል፣ የልብ ምትም ያዘገያል።

«ማዞሩም መውደቁም እርጅና ነው»
ይሄ አባባል በጣም ያሳዝነኛል። አዲስ መድኃኒት ከተጀመረ ወይ ዶዝ ከተጨመረ በኋላ የመጣ ማዞር እርጅና ነው ተብሎ አይታለፍም፣ ራሳቸውን ከሳቱማ ነገ ዛሬ ሳትሉ ሐኪም ቤት ውሰዷቸው።

«እንግዲያው ሁሉንም እናስቁማቸው»
በፍጹም! ለልብና ለደም ግፊት የሚሰጡት አቴኖሎል፣ ሜቶፕሮሎል የመሳሰሉት በአንዴ ከቆሙ ልብን ያስቸግራሉ። ያለውን ሁሉ፣ ጠብታውንም ቫይታሚኑንም ከእነማሸጊያው አንድ ፌስታል ውስጥ ከታችሁ ይዛችሁ ሂዱና ሐኪሙ ፊት ዘርግፉት፣ ከዛ የትኛው ይቀነስ፣ ኢሲጂና የፖታሲየም ምርመራ ያስፈልጋቸዋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።