የአዲስ አበባ አየር በካዮች፦ ዓይነታቸውና ምንጫቸው

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በሰሜን እንጦጦ፣ በምዕራብ ወጨጫ፣ በደቡብ ምዕራብ ፉሪ፣ በደቡብ ምሥራቅ የረር ይከብቧታል። አቀማመጧ ለአየሯ አይመችም። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ ሞተር የሚስበው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። በበጋ ደግሞ፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት መሬቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛው አየር ከታች ይተኛል፣ ሞቅ ያለው ከላይ ይከድነዋል። የማለዳው ጭስም ፀሐይ እስክትበረታ ድረስ መውጫ ያጣል። ክረምት ሲገባ አቧራው ይታጠባል እንጂ ጭሱ አይቀንስም፤ ማገዶው ይረጥባልና።

የበካዮቹ ዓይነት

ለጤና ዋናው ደቃቅ ብናኝ ነው። ፒኤም 2.5 የሚባለው ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጥ ሲሆን የሰው ፀጉር ወደ 70 ማይክሮሜትር ይደርሳል። ጥላሸት፣ ያልነደደ ዘይትና ከጋዝ የተፈጠሩ ጨዎች የተቀላቀሉበት ነው፤ አፍንጫና ጉሮሮ ስለማይዙት እስከ ሳምባው ጫፍ ይዘልቃል። ከዚህ የሚገዝፈው ፒኤም 10 በብዛት የመንገድና የግንባታ አቧራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (እ.ኤ.አ.) ባሻሻለው መመሪያ የፒኤም 2.5 የዓመት አማካይ በሜትር ኩብ ከ5 ማይክሮግራም፣ የአንድ ቀኑ ከ15 እንዳይበልጥ ይመክራል። የቀድሞው የዓመት ገደብ 10 ነበር።

ከጋዞቹ ካርቦን ሞኖክሳይድ በጎደሎ ቃጠሎ ይፈጠራል። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የከፍተኛ ሙቀት ውጤት ነው፤ ምንጩም በዋናነት ሞተር ነው። ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ድኝ ካለበት ነዳጅ ይወጣል። ኦዞንን ማንም በቀጥታ አይለቀውም፤ የናፍጣና የቤንዚን ጋዞች በቀትር ፀሐይ ተዋህደው የሚሠሩት ነው። እርሳስ ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች በ2001 ዳካር ላይ በተስማሙት መሠረት እስከ 2005 መጨረሻ ከቤንዚን ወጥቷል።

ጓዳው

በኢትዮጵያ ከአሥር ቤተሰብ ዘጠኙ ያህል የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበት ወይም በቅጠል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ቤት ቢደርስም መብራት ሲጠፋ ወደ ማገዶ መመለስ የተለመደ ነው፤ ከእንጦጦ የሚወርደው የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠልም ገበያ አላጣም።

ጭስ የሚበዛው እንጀራ ሲጋገር ነው። ምጣዱ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ በሦስት ጉልቻ ላይ ሲጣድ እሳቱ በሦስት ጎን ክፍት ስለሆነ ሙቀቱ ይባክናል፣ ነፋስም ነበልባሉን ከምጣዱ ያሸሸዋል። ምጣዱ እስኪሰማ ያለው ጊዜ የጭሱ መጀመሪያ ነው፤ እንጨቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ውኃውን ሳይጨርስ አይነድምና። ማሰሻው ላይ ያለው ጎመንዘር ሲያርር ደግሞ ሌላ የዘይት ጭስ ይጨመራል። አክንባሎው ሲነሣ ጋጋሪዋ ፊቷን የምትሰጠው ለዚህ ሁሉ ነው።

ምርጥ ምድጃ ለዚህ ችግር እዚሁ አገር የተሠራ መፍትሔ ነው፤ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ከወጣ ወዲህ ከተሠራጩት የእንጀራ ምድጃዎች ሁሉ የሰመረው እርሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሲሚንቶና ፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ወይም አሸዋ ተቀላቅሎ በቅርጽ ይፈሰሳል። አራቱ ክፍሎች ተገጣጥመው ምጣዱን የሚከብ ክብ ይሆናሉ፤ ሁለቱ ከኋላ ቆመው ድስት ማስቀመጫ ይሠራሉ፣ ጭሱም በዚያ በኩል ይወጣል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል።

የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በአገጣጠምና በአያያዝ ነው። በክፍሎቹ መጋጠሚያ ያለው ክፍተት በጭቃ ካልተመረገ ሙቀቱም ጭሱም በዚያ ይሾልካል። ምጣዱ ጠባብ ከሆነ ዙሪያውን ያመልጣል። አመዱ ካልተዛቀ አየር መግቢያው ይደፈናል። የማገዶ መክተቻው ጢም ብሎ ሲሞላ እሳቱ ይታፈንና እንጨቱ ከመንደድ ይልቅ ይጨሳል፤ ስለዚህ የተፈለጠ ቀጭን እንጨት ጥቂት ጥቂት እያደረጉ መጨመር ይሻላል። የሲሚንቶው ክፍል ተፈስሶ ሲያበቃ ለቀናት ውኃ ካልጠጣ በመጀመሪያዎቹ ግግሮች ይሰነጠቃል። ሳይደበቅ መባል ያለበት አንድ ነገርም አለ፦ ምርጥ ምድጃ ማገዶ ይቆጥባል፣ ጭስ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ጭስ ማውጫው ወደ ደጅ ካልተዘረጋ የክፍሉ አየር ከዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በብዙ እጥፍ በላይ ይቆያል።

ከሰል ጭስ የለውም ተብሎ ይታመናል፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። አመድ የለበሰ ቀይ ፍም ዓይን አያቃጥልም፣ አይሸትምም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሳያቋርጥ ይለቃል። ይህ ጋዝ ከደም ሂሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን በ200 እጥፍ በላይ ይጣበቃል። ለብርድ ተብሎ ማንደጃ ወደ መኝታ ክፍል አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት በየዓመቱ ሰው የሚገድለው በዚህ ምክንያት ነው። ከሰሉን ደጅ አቀጣጥሎ ነጭ እስኪሆን መጠበቅ ጭሱን ያስቀራል እንጂ ጋዙን አያስቀርም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም የጉልበት መክዳት ሲሰማ ሰውም ማንደጃውም ወዲያው ይወጣል። ላቀች የሚባለው የተሻሻለ የከሰል ምድጃ ከተለመደው የቆርቆሮ ማንደጃ ይልቅ ከሰል በሩብ ያህል ቢቆጥብም ከዚህ ጥንቃቄ ነጻ አያወጣም።

መንገዱ

ጓዳውና መኪናው ለከተማዋ አየር ያላቸው ድርሻ አከራካሪ ነው። አስፋልት ዳር የሚለካ መኪናውን ይከሳል፣ መንደር ውስጥ የሚለካ ማገዶውን። ሁለቱም ማለዳና ምሽት ላይ ስለሚገናኙ ብናኙ በቀን ሁለቴ ያሻቅባል።

የማርሚታው ጭስ ቀለም ብልሽቱን ይናገራል። ጥቁር ከሆነ ናፍጣው በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል፤ የአየር ፊልትሮ መዘጋት፣ የኢንጀክተር ማንጠባጠብ ወይም የናፍጣ ፖምፓ ያለልክ መከፈት ነው። ለቆላ የተስተካከለ ሞተር አዲስ አበባ ሲገባ ያለ ሌላ ጥፋት ሊያጠቁር ይችላል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ ነው፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል ማለት ነው። ለጉልበት ተብሎ ፖምፓ ማስከፈት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ቦሎ ሲደርስ ይስተካከላል፣ ካለፈ በኋላ ይመለሳል።

መንግሥት በ2024 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ አግዷል። ቀድሞ የገቡት ግን መንገድ ላይ ናቸው።

ቆሻሻ፣ አቧራ፣ ፋብሪካ

ኅዳር 12 ቀን ኅዳር ሲታጠን ተብሎ ቆሻሻ በየሰፈሩ ይቃጠላል። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. ከገባው የኅዳር በሽታ ጋር ይያያዛል። በዚያ ዘመን የሚቃጠለው ገለባ፣ ቅጠልና ጨርቅ ነበር፤ ዛሬ ፌስታል፣ ፕላስቲክ ጠርሙስና ጎማ ተጨምሯል። ፕላስቲክ በዝቅተኛ ሙቀት ሲነድ ዳዮክሲንን የመሰሉ መርዞችን ይለቃል። ሰፈርን መጥረጉ መልካም ነው፣ እሳቱ ግን ቢቀር ጉዳት ያለው አይመስልም።

በቆሼ የቆሻሻ መጣያ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በአጠገቡ የተሠራው የረጲ ኃይል ማመንጫ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ሲመረቅ ልቀቱ የአውሮፓን መመዘኛ እንደሚያሟላ ተነግሯል። የድንጋይ ካባ፣ የግንባታ አቧራና የአቃቂ ቃሊቲ ፋብሪካዎችም የራሳቸው ድርሻ አላቸው።

ልኬት

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ለልቀት ደረጃ እንዲወጣ ይደነግጋል። ለሕዝብ በየሰዓቱ ይታይ የነበረው የፒኤም 2.5 ልኬት ግን በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል የሚወጣው ነበር፤ እርሱም በመጋቢት 2025 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በሁሉም አገሮች መረጃውን ማሠራጨት ሲያቆም ተቋርጧል። በርካሽ የሚገዙ አነፍናፊዎች (ሴንሰሮች) ቦታውን በከፊል ይሸፍናሉ። ከመደበኛ መሣሪያ ጎን ተቀምጠው ካልተስተካከሉ በስተቀር በክረምቱ እርጥበት ጊዜ የውኃ ጠብታን እንደ ብናኝ ቆጥረው ከእውነቱ በላይ ያሳያሉ፤ ከምድጃ አጠገብ ከተሰቀሉም የሚለኩት የከተማውን ሳይሆን የዚያን ጓዳ ጭስ ነው።