መሬት፣ ፀሐይና ጨረቃ በወሎ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች

በወሎ ልጆች ስለ መሬት፣ ፀሐይና ጨረቃ በመጀመሪያ የሚማሩት በአካባቢ ሳይንስ ነው። ቋንቋው እንደየቦታው አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ ወይም ኽምጣንግ ይሆናል። የወሎ ወሰን የት ድረስ ነው የሚለው ያከራክራል፤ እዚህ ኽምጣንግ የሚነገርበት ዋግም ተካቷል። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር ሥርዓት የያዘው በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው።

ወሎ ግን የሰማይ ቆጠራን የሚያውቀው ከመማሪያ መጽሐፍ በፊት ነው። የአብነት ተማሪ ባሕረ ሐሳብን፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያንን የዘመን ቆጠራ፣ ሲማር የፀሐይ ዓመት 365፣ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን መሆኑን ይይዛል። ልዩነቱ 11 ቀን ነው፤ አበቅቴ የሚባለው የትርፍ ቀን ቁጥር የሚሰላውም ከዚሁ ነው። ቆጠራውን የቀመረው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ድሜጥሮስ እንደሆነ በትውፊት ይነገራል። በሙስሊሙ ቤት ደግሞ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ይገባል። እንግዲህ በአንድ ዴስክ የተቀመጡ ሁለት የደሴ ልጆች ያንኑ 11 ቀን ከየቤታቸው ይዘው ይመጣሉ። ጎበዝ መምህር ከዚህ ይነሳል። አዲሷ ጨረቃ ለምን ሁልጊዜ ፀሐይ ስትጠልቅ በምዕራብ ትፈለጋለች? ይህ አንድ ጥያቄ ብቻውን ክፍለ ጊዜውን ይሞላል።

ለፀሐይ ትምህርት አንድ ቀጥ ያለ እንጨት ይበቃል። ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ናት። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ አናት ላይ ትሆናለች፦ ሚያዝያ 11 እና ነሐሴ 17 ገደማ። በሚያዝያው፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ20 አካባቢ፣ የእንጨቱ ጥላ ይጠፋል። በነሐሴው ደመናው አያሳይም። በሁለቱ ቀናት መካከል የእኩለ ቀን ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በቀሪው ጊዜ ወደ ሰሜን።

ብዙ ልጆች ብርድ የሚመጣው መሬት ከፀሐይ ስትርቅ ይመስላቸዋል። መሬት ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው ግን ታኅሣሥ 25 አካባቢ፣ ልክ በደጋው ብርድ ሰሞን ነው። ሥዕሎቹም ያሳስታሉ፤ ጨረቃን ከመሬት አጠገብ ይለጥፏታል። መሬት 7 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ብርቱካን ብትሆን፣ ጨረቃ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነች ጠጠር ናት፤ ቦታዋም ከ2 ሜትር በላይ ርቆ ነው።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለዳ ላሊበላ ላይ የቀለበት ግርዶሽ ታየ። ጨረቃ የፀሐይን መሐል ሸፍና ዙሪያዋን የእሳት ቀለበት አስመሰለችው። የዓለም ዓይን ወሎ ላይ ነበር። ቀኑ እሑድ ነው፤ ትምህርት ቤቶችም በኮሮና ምክንያት ከመጋቢት ጀምሮ ተዘግተው ነበር። የአገሩ ልጆች ከመምህራቸው ጋር ሊያዩት አለመቻላቸው ያስቆጫል። ቀጥሎ የመጣው ጦርነት ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶችን አወደመ።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ በወሎ ከፊል ግርዶሽ ይኖራል። ክረምት ስለሆነ ዝግጅቱ ትምህርት ሳይዘጋ ማለቅ አለበት። ተራ የፀሐይ መነጽርና የራጅ ፊልም ዓይን አያድኑም። ካርቶን በመርፌ በስቶ፣ ለፀሐይ ጀርባ ሰጥቶ፣ ምስሉን ነጭ ወረቀት ላይ ማየት ይቻላል።