ሞክሼ ከተማ ምንድን ነው?

አንድ ስም የያዙ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ «ሞክሼ» ይባባላሉ፤ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»ም በድምፅ ስለተገናኙ ሞክሼ ፊደላት ይባላሉ። ቃሉን ለቦታ ብናውለው፣ ሞክሼ ከተማ ማለት በሌላ ስፍራ ካለ ከተማ ወይም ሰፈር ጋር አንድ ስም የሚጋራ ከተማ ነው። የስሙ አንድነት ግን ከየት እንደመጣ መመርመር ይገባዋል፤ ጆሮ በቀላሉ ይታለላልና።

በእኛ አገር በብዛት የሚታየው ታስቦበት የመጣ ስም ነው። ደብረ ታቦር ስሟ በገሊላ ካለው ተራራ የመጣ ሲሆን፣ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አዳማ ናዝሬት፣ ቢሾፍቱም ደብረ ዘይት ተብለው ነበር፤ አዳማ እ.ኤ.አ. በ2000 የቀድሞ ስሟን በይፋ መልሳለች። በላሊበላ ደግሞ አብያተ ክርስቲያናቱን የሚከፍለው ቦይ ዮርዳኖስ ይባላል።

ሁለቱ ትሪፖሊዎች ግን እንዲህ ያለ ዝምድና የላቸውም። ስሙ በግሪክኛ «ሦስት ከተማ» ማለት ሲሆን፣ በሊቢያ የኦያን፣ የሳብራታንና የሌፕቲስን ምድር የሚያመለክት ነበር፤ የሊባኖሷ ትሪፖሊ ደግሞ ከጢሮስ፣ ከሲዶናና ከአርዋድ የመጡ ሰዎች ባቋቋሟቸው ሦስት ሰፈሮች እንደተሰየመች ይነገራል። ዐረቦች እንዳይምታታባቸው የመጀመሪያዋን «የምዕራብ»፣ ሁለተኛዋን «የሻም» (የሶርያና የአካባቢዋ ምድር) ጠራቡሉስ ይሏቸዋል።

ይበልጥ የሚገርሙት ስማቸው የማይመሳሰል ሞክሼዎች ናቸው። ቱኒዚያ ውስጥ የነበረችውን ካርቴጅን ፊንቄያውያን «ቀርት ሐደሽት»፣ ማለትም «አዲስ ከተማ» ብለዋት ነበር፤ «ሐደሽት» ከግዕዙ «ሐዲስ» ጋር አንድ ሥር አለው። የካርቴጅ ሰዎች ስሙን ወደ ስፔን ሲወስዱት ሮማውያን ትርጉሙን ልብ ሳይሉ «አዲሲቱ ካርቴጅ»፣ ቃል በቃል «አዲሲቱ አዲስ ከተማ» አሏት፤ ከእርሷም እ.ኤ.አ. በ1533 የተቆረቆረችው የኮሎምቢያዋ ካርታሄና ስሟን ወሰደች። የጣሊያኗ ናፖሊና የፍልስጥኤሟ ናቡሉስም «ኔያፖሊስ» ከሚለው ከዚያው ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል የመጡ ናቸው። በዚህ ስሌት የአዲስ አበባው አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ለካርቴጅም ለናፖሊም ሞክሼ ነው፤ በሊቢያዋ ትሪፖሊ ያለው «ሱቅ አል ጁምዓ» የተባለው ሰፈርም ለእኛዎቹ አርብ ገበያዎች እንዲሁ።