«ኦማ» ካለ ካንሰር ነው? የሐኪም ወረቀት ላይ ያሉ ቃላት እና የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ኮዬ ፈጬ ነው የምኖረው፣ ነርስ ነኝ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነርስ ከሆንሽ ደግሞ ማታ ማታ በር ይንኳኳል፣ ወረቀት ይዘው «እስኪ ይሄን አንብቢልን» ይላሉ። የሕክምና ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው፣ ቃላቱ ደግሞ አብዛኞቹ ከግሪክና ከላቲን የመጡ ስለሆኑ እንግሊዝኛ የሚችለውም ግራ ይገባዋል። ባለፈው ታላቅ እህቴ የምትሆን ጎረቤቴ አልትራሳውንድ ተነስታ ወረቀቱ ላይ ማዮማ ይላል፣ አንድ ሰው ደግሞ «ኦማ የሚል ሁሉ ካንሰር ነው» ብሏት ሁለት ቀን እንቅልፍ አልተኛችም። «ልጄን ለማን ጥዬው ልሂድ» ስትለኝ አንጀቴን በላችው።

«ኦማ ካለ ካንሰር ነው»

አይደለም። ኦማ ብዙ ጊዜ እጢ ወይም እብጠት ማለት ነው፣ ክፉ ይሁን ደህና ግን ብቻውን አይነግራችሁም። ማዮማ የማህፀን ጡንቻ ላይ የሚያድግ እጢ ነው፣ ካንሰር አይደለም፣ በጣም ብዙ ሴቶች እንዳለባቸው ሳያውቁ ይኖራሉ። ሊፖማ ቆዳ ስር የሚወጣ የስብ እብጠት ነው፣ ሄማቶማ ደግሞ ስንመታ ደም ሲቋጥር ነው። ትራኮማን ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፣ እሱ ጭራሽ እጢም አይደለም፣ በባክቴሪያ የሚመጣ የአይን በሽታ ነው፣ የዐይን ቆብን ውስጡን ስለሚያሻክረው ስሙም በግሪክ ሻካራነት ከሚለው ቃል ነው የመጣው። በሌላ በኩል ካርሲኖማ፣ ሳርኮማ፣ ሊምፎማ፣ ሜላኖማ ካንሰር ናቸው። ሊፖማና ሊምፎማ ለጆሮ አንድ ይመስላሉ፣ ልዩነታቸው ግን የሰማይና የምድር ነው፣ ስለዚህ እባካችሁ የቃሉን ጭራ ብቻ ሰምታችሁ ለሰው አትተርጉሙ፣ ሙሉ ስሙን አስጽፉ።

«አይተስ ማለት ኢንፌክሽን ነው፣ አሞክሳሲሊን ልግዛ»

ይሄ በጣም ያሳስበኛል ምክንያቱም በየቀኑ የማየው ነው። አይተስ ማለት ያ የሰውነት ክፍል ተቆጥቷል ማለት ነው፣ ምን እንዳስቆጣው ግን ቃሉ አይናገርም። ጋስትራይተስ ጨጓራ ሲቆጣ ነው፣ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ ሊያመጣው ይችላል፣ ግን እንደ ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችም ያመጡታል፣ አልኮልም እንደዛው። አርትራይተስ የመገጣጠሚያ ነው፣ በእድሜ ብዛት መገጣጠሚያው ተበልቶ ለመጣ ህመም አንቲባዮቲክ ምንም አይሠራም። ሄፓታይተስ ቢ ደግሞ የጉበት ነው፣ የሚያመጣው ቫይረስ ነው፣ አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይነካም።

«ኤሚያ ማለት ደም ማነስ ነው»

አኒሚያን ስለለመድነው ነው እንጂ ኤሚያ የደምን ሁኔታ ነው የሚናገረው። ሉኪሚያ የደም ካንሰር ነው፣ ቀይ ስር በመጠጣት አይድንም። ስኳር ያለባችሁ ቤተሰቦች ደግሞ ይቺን ያዙልኝ፦ ሃይፐርግላይሴሚያ ስኳር ሲበዛ ነው፣ ሃይፖግላይሴሚያ ሲወርድ ነው፣ ማለትም ከ70 mg/dL በታች። የወረደበት ሰው ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ቶሎ ጣፋጭ ይሰጠዋል፣ ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም ሳትሰጡ ወደ ሕክምና መሮጥ ነው፣ ተሳስታችሁ ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊን ከወጋችሁት ግን ሊሞትባችሁ ይችላል።

«ስኮፒ ኦፕሬሽን ነው»

ስኮፒ ማየት ነው። ኢንዶስኮፒ በአፍ በሚገባ ካሜራ ጨጓራን ማየት ነው፣ ሆድ አይቀደድም። ባዮፕሲ ታዘዘ ማለትም ካንሰር ተገኘ ማለት አይደለም፣ ትንሽ ሥጋ ወስዶ መመርመር ነው።

«ቶሚ ካለ አንድ ነገር ቆርጠው ያወጣሉ»

ቶሚ ብቻውን መቅደድ ነው፣ ኤፒሲዮቶሚ የሚባለው በምጥ ጊዜ መውጫውን ትንሽ ቀደድ ማድረግ ነው፣ የሚወጣ ነገር የለም። ኤክቶሚ ሲሆን ነው ቆርጦ ማውጣት፣ እንደ አፔንዴክቶሚ፣ ትርፍ አንጀት ማውጣት ማለት ነው። ስቶሚ ደግሞ ቀዳዳ መክፈት ነው። እና ኤክቶሚ ስትሰሙ የምን ኤክቶሚ ብላችሁ ጠይቁ፣ ማዮሜክቶሚ እጢውን ብቻ አውጥቶ ማህፀኑን ይተወዋል፣ ሂስትሬክቶሚ ግን ማህፀኑን ራሱን ያወጣዋል፣ ከዛ በኋላ እርግዝና የለም።

ጎረቤቴ ሌላ ልጅ መድገም ትፈልጋለች፣ የሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ አላት። ወረቀቷ ጀርባ ላይ በአማርኛ ጻፍኩላት፦ «የሚወጣው ማዮማው ብቻ ነው ወይስ ማህፀኔም?»