የትዳር ግሪን ካርድ ቃለ መጠይቅ

አበሻው ባጭሩ «ኢንተርቪው» ይለዋል። «ኢንተርቪው ደረሰን» ካሉ በኋላ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። የአሜሪካ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው የትዳር ጓደኛውን ቋሚ ነዋሪ ለማድረግ ሲያመለክት፣ ኦፊሰር ፊት ቀርቦ ትዳሩ የእውነት መሆኑን ማስረዳት ማለት ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች በፈረንጆቹ ናቸው። ይህ የዘመን አቆጣጠር ነገር ወደ ታች ሲወርዱ ራሱን የቻለ ጣጣ ይሆናል።)

አመልካቹ አሜሪካ ውስጥ ካለ ጉዳዩን የሚያየው ዩኤስሲአይኤስ የሚባለው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ነው። አይኤንኤስ ይባል የነበረው የድሮው መሥሪያ ቤት በ2003 ሲፈርስ የተተካ ነው፤ በሆምላንድ ሴኩሪቲ ሥር ይተዳደራል። አመልካቹ ኢትዮጵያ ካለ ግን ቃለ መጠይቁ አዲስ አበባ በሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ ይሆናል። እዚያ የሚጠይቀው ቆንስላ ነው። አሜሪካ ያለው ባል ወይም ሚስት አብሮ መቅረብ አይጠበቅበትም፤ አመልካቹ ብቻውን መስኮቱ ጋ ቆሞ ይመልሳል።

ሕጉ የሚጠይቀው ሰው ከሚያስበው ጠበብ ያለ ነገር ነው። ሲጋቡ አብረው ለመኖር አስበው ነበር ወይ? ይኸው ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1953 ሉትዋክ በሚባለው ጉዳይ ይህን አንስቷል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የወጣ ሕግ የቀድሞ ወታደሮች ውጭ አገር ያገቧቸውን እንዲያስገቡ ይፈቅድ ነበር። በዚህ ቀዳዳ ለመግባት ፓሪስ ላይ ከቀድሞ ወታደሮች ጋር ተፈራርመው አሜሪካ የገቡ ሰዎች ነበሩ። አብሮ መኖር በሐሳባቸውም አልነበረም። ፍርድ ቤቱ ወረቀቱ ፓሪስ ላይ ይጽና አይጽና ጉዳዬ አይደለም ብሎ ጥፋተኝነታቸውን አጸና። በ1975 ደግሞ 9ኛው የይግባኝ ፍርድ ቤት ባርክ በተባለው ጉዳይ የነገሩን ሌላ ጎን አሳየ። የሚመዘነው በጋብቻው ጊዜ የነበረው ሐሳብ ነው፤ በኋላ ተጣልቶ መለያየት ብቻውን ጋብቻውን የውሸት አያደርገውም። ስለዚህ ቀጠሮው ሳምንት ሲቀረው የተጣሉ ባልና ሚስት ፍጹም ትዳር ለመተወን መጨነቅ የለባቸውም።

አሁን ያለውን ቅርጽ በብዛት የሰጠው የ1986ቱ ሕግ ነው። ፕሬዚዳንት ሬገን የፈረሙት ይህ ሕግ የሐሰት ጋብቻን እስከ 5 ዓመት እስርና እስከ 250 ሺህ ዶላር የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገው። ከእስሩ በላይ የሚያስፈራው ግን ሌላ ነው። አንዴ በሐሰት ጋብቻ ወረቀት ለማግኘት ሞክሯል የተባለ ሰው፣ ኋላ የእውነት ቢያገባና ልጅ ቢወልድ እንኳ በአዲሱ ትዳር የሚገባለት ማመልከቻ አይጸድቅም። «የወረቀት ጋብቻ» ካፌ ውስጥ ሲወራ ቀላል ይመስላል። ይህን ክፍል ግን የሚያወራ ብዙም የለም።

ቃለ መጠይቁ አሜሪካ ውስጥ ከሆነ በቀጠሮው ቀን ሁለቱም ይቀርባሉ። ጥበቃው ጋ ተፈትሸው ይገባሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ስም ይጠራል። ቢሮ እንደገቡ ሳይቀመጡ ቀኝ እጅ ወደ ላይ ወጥቶ እውነት ለመናገር ይማላል። ጠበቃ ይዞ መግባት ይቻላል። አስተርጓሚ ግን መሥሪያ ቤቱ አያቀርብም፤ እንግሊዝኛ የማይበቃው ሰው ራሱ ይዞ ይመጣል። ባሌ ያስተረጉምልኛል ብሎ መሄድ አይመከርም፤ ባልየውም ተጠያቂ ነውና። ነገሩ ቀና ከሆነ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይዘልም።

ኦፊሰሩ አይ 485 የሚባለውን የግሪን ካርድ ማመልከቻ ፎርም ከፍቶ አንዳንዱን ጥያቄ መልሶ ያነባል። ታስረው ያውቃሉ? የታጠቀ ቡድን ረድተው ያውቃሉ? የኮሙኒስት ፓርቲ አባል ነበሩ? ለወጣቱ ይህ የሚያስቅ ጥያቄ ነው። በደርግ ዘመን የኢሠፓ ደብተር ለነበራቸው ትልልቅ ሰዎች ግን አያስቅም። ሕጉ አባልነታቸው ካበቃ ዓመታት ላለፋቸው ሰዎች መውጫ አለው። «አልነበርኩም» ብሎ መዋሸት ግን ራሱን የቻለ መከልከያ ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው፣ ወይም ከዚህ በፊት ከአገር ውጣ የሚል ትእዛዝ የተሰጠበት ሰው፣ ጠበቃ ሳያማክር ባይሄድ ይሻለዋል።

ከዚያ ትዳሩ ይመጣል። የት ተዋወቃችሁ? ማን ጠየቀ? ሰርጉ ላይ ማን ነበር? ማን ቀድሞ ይነሳል? ሰው የሚፈራው የጥርስ ብሩሽ ቀለምን ነው። እኛን የሚያደናቅፈን ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው።

መጀመሪያ ቀኑ። በእኛ አቆጣጠር ጥር 12 ቀን 2014 የተጋቡ ሰዎች በፈረንጅ ጃንዋሪ 20 ቀን 2022 ነው የተጋቡት። እሷ ፎርሙ ላይ በትክክል ለውጣ ትሞላለች፤ እሱ ሲጠየቅ ከአፉ የሚወጣው «12» ነው። ሰዓቱም እንደዚያው። «ሰርጉ በ8 ሰዓት ተጀመረ» ማለት ለኛ ከምሳ በኋላ ነው፣ ለኦፊሰሩ ጠዋት ወይም ማታ። ቀጥሎ ሰርጉ ራሱ። የትኛው? ሽማግሌ የተላከበት፣ ቀለበት የታሰረበት፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም ኒካህ የተፈጸመበት፣ መልሱ፣ ወይስ ክብር መዝገብ ላይ የተፈረመበት? አንዱ የማዘጋጃውን ቀን፣ አንዱ ድግሱን ይናገራል። ሁለቱም አልዋሹም። ኢትዮጵያ ውስጥ በ2000 የወጣው የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ፣ በሃይማኖትና በባህል የተፈጸመን ጋብቻ ሁሉ ያውቃል። ኦፊሰሩ ግን አንድ ቀን ነው የሚፈልገው፤ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱ ላይ ያለውን።

ዝምድናም አለ። የአክስት ልጅ «ወንድሜ» ነው፣ ያሳደገች አክስት «እናቴ» ናት። ባልየው ፎርሙ ላይ 2 ወንድም ብሎ ሞልቶ ሚስትየው 5 ስትቆጥር ፊት ለፊት የተቀመጠው ፈረንጅ ምን ይበል? ስም ላይም እንዲሁ፤ እኛ ዘንድ ሚስት የባሏን ስም አትወስድም፣ የልጅ «የቤተሰብ ስም» የአባቱ መጠሪያ ነው። ብዙ አበሻ የሚያይ ኦፊሰር ይህን ለምዶታል። ያልለመደው ሊጠይቅ ይችላልና በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት መቻል ጥሩ ነው።

ማስረጃ ሲባል የሁለቱም ስም ያለበት የቤት ኪራይ ውል፣ የጋራ የባንክ ሒሳብ፣ አብሮ የተሞላ ታክስ፣ ኢንሹራንስ፣ የልጅ የልደት ሰርተፊኬት ነው። ሜሪላንድ ዘመድ ቤት ቤዝመንት ውስጥ ያለ ውል የሚኖሩ፣ ኪራዩን በካሽ የሚከፍሉ፣ ቁጠባቸው እቁብ የሆነ አዲስ ተጋቢዎች እዚህ ይቸገራሉ። ሕይወታቸው እውነተኛ ነው፣ ወረቀት ላይ ግን የለም። አከራዩ ዘመድ የሚጽፈው ደብዳቤ፣ በዚያ አድራሻ የሚመጣ ፖስታ፣ የስልክ ፋሚሊ ፕላን ሁሉ ይረዳል። 500 የሰርግ ፎቶ ከመሸከም ሁለቱም ቤተሰብ የሚታይባቸው፣ በተለያየ ጊዜ የተነሱ 10 ፎቶዎች ይበቃሉ።

ዜጋው ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው አመልካቹን በገንዘብ እደግፋለሁ ብሎ የሚገባው ስፖንሰርነት አይ 864 በሚባል ፎርም ይፈረማል። ገቢው ከድህነት መስመሩ 125 በመቶ መድረስ አለበት፤ ካልደረሰ ሌላ ሰው አብሮ ይፈርማል። «ፊርማ ብቻ ነው» ተብሎ የሚለመን አጎት ማወቅ ያለበት ነገር አለ፤ ባልና ሚስቱ ቢፋቱም ግዴታው አይቀርለትም።

ኦፊሰሩ ከተጠራጠረ ባልና ሚስቱን ለየብቻ አስገብቶ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቃል። ይህ «ስቶክስ» ይባላል። ስሙ የመጣው በ1970ዎቹ ኒውዮርክ ውስጥ አይኤንኤስ ላይ ከቀረበ ክስ ነው። መልሶቹ ከተለያዩ እንዲያብራሩ ይጠየቃሉ። እዚህ ላይ «አላስታውስም» ሙሉ መልስ ነው። ገምቶ መመለስ ነው ብዙ ሰው ያስጠረጠረው።

ውጤቱ እዚያው ሊነገር ይችላል፤ ተጨማሪ ወረቀት ሊጠየቅም፣ ወራት ሊቆይም ይችላል። ሲጸድቅ ትዳሩ 2 ዓመት ካልሞላው የሚሰጠው ካርድ የ2 ዓመት ብቻ ነው። ካርዱ ሊያበቃ 90 ቀን ሲቀረው ጥንዶቹ ይህ የ2 ዓመት ገደብ እንዲነሳ የሚጠየቅበትን አይ 751 ፎርም አብረው ያስገባሉ። በመካከል ከተፋቱ፣ ጋብቻው የእውነት እንደነበር በማስረዳት ብቻን ማስገባት ይቻላል። የሚደበደቡ ሚስቶችና ባሎችም፣ በ1994 በወጣ ሕግ፣ ያለ ደብዳቢው ፈቃድ ራሳቸው ማመልከት ይችላሉ። «ወረቀትሽ በእጄ ነው» የሚል ባል ይህን አይነግራትም። ዜጋ ያገባ ሰው ደግሞ ከባለቤቱ ጋር እስከኖረ ድረስ ከ5 ዓመት ይልቅ በ3 ዓመት ለዜግነት ማመልከት ይችላል።

ካርዱ በፖስታ ይመጣል። በመሀል ቤት የቀየረ ሰው በ10 ቀን ውስጥ አዲሱን አድራሻ ለዩኤስሲአይኤስ ማሳወቅ አለበት፤ አለዚያ ካርዱ በድሮው ቤዝመንት ሊቀር ይችላል።