የማንን ደጅ እንጥና? የጥቅም ቡድኖችና የአሜሪካ መንግሥት በሮች

አሜሪካ ውስጥ አንድ ፖሊሲ ማስለወጥ የሚፈልግ ቡድን ቀድሞ የሚመርጠው የማንን ደጅ እንደሚጠና ነው። በሩ ብዙ ነው፦ ኮንግረስ፣ ዋይት ሃውስ፣ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች፣ ፍርድ ቤቶች፣ የ50ዎቹ ግዛቶች መንግሥታት። አንዱ ጋ የተዘጋው ሌላው ጋ ሊከፈት ይችላል። ውሳኔው በማን እጅ ነው? እኛስ እዚያ ቤት የሚያስደምጥ ምን አለን? ድምፅ፣ ገንዘብ ወይስ የሕግ ክርክር?

ከሁሉ የሚደንቀኝ በ1909 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የተመሠረተው የጥቁሮች መብት ማኅበር፣ የኤንኤኤሲፒ ታሪክ ነው። ጥቁሮች በደቦ ፍርድ ሲገደሉ ማኅበሩ ኮንግረስን ደጅ ጠና። በ1922 የተወካዮች ምክር ቤት ድርጊቱን የፌዴራል ወንጀል የሚያደርግ ረቂቅ ሕግ አጸደቀ፤ ሴኔት ሲደርስ ግን የደቡብ ሴናተሮች ማለቂያ በሌለው ንግግር ጊዜ እየገደሉ አስቀሩት። ምን ይፈራሉ? የደቡብ ጥቁር በአብዛኛው ድምፅ እንዳይሰጥ ታግዶ ነበር። የፌዴራል ዳኛ ግን ዕድሜ ልክ ነው የሚሾመው፣ ምርጫ አያሰጋውም። ስለዚህ የማኅበሩ ጠበቆች ቻርልስ ሂዩስተንና ተማሪው ተርጉድ ማርሻል ፊታቸውን ወደ ፍርድ ቤት አዞሩ። ከዩኒቨርሲቲዎች ጀምረው አንድ በአንድ እያሸነፉ መጡ፤ በ1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተማሪን በቀለም መለየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲል 9 ለ0 ወሰነ።

ይሁን እንጂ ፍርድ ቤት ፖሊስም በጀትም የለውም። ከ10 ዓመት በኋላም አብዛኞቹ የደቡብ ጥቁር ልጆች ተለይተው ነበር የሚማሩት። ነገሩ በደንብ የተንቀሳቀሰው ኮንግረስ በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ፣ ቀለም እየለየ የሚያስተምር ትምህርት ቤት የፌዴራል ገንዘብ እንዲያጣ ካደረገ ወዲህ ነው።

የእኛም ዳያስፖራ መንገዱን ያውቀዋል። ኢትዮጵያን የሚመለከተው፣ ኤችአር 2003 የተባለው ረቂቅ ሕግ በ2007 የተወካዮች ምክር ቤትን አልፎ ሴኔት ላይ ቀረ። በ2018 የጸደቀው ኤችአር 128 ግን የምክር ቤቱ የውሳኔ ሐሳብ ብቻ ስለነበር ሴኔትም ፕሬዚዳንቱም አላስፈለጉትም፤ የዚያኑ ያህል አስገዳጅነት የለውም። ብዙ ኢትዮጵያውያን ያሉባትን የኮሎራዶዋን ኦሮራ ይወክሉ የነበሩት ማይክ ኮፍማን አጥብቀው የተሟገቱለትም መራጭ ስለነበራቸው ነው፤ ድምፅ የሚሠራው እንዲህ ያለ ቤት ነው።

አገራቸው ችግር ላይ የወደቀ ሰዎች ከአሜሪካ እንዳይባረሩ የሚያደርገው፣ ቲፒኤስ የሚባለው ጊዜያዊ ጥበቃ ደግሞ ሌላ በር አለው። የሚሰጠው የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስትሩ ነው። በ2022 ለኢትዮጵያውያን ለ18 ወር ሲፈቀድ ኮንግረስ ድምፅ አልሰጠበትም። እኔ ብጠየቅ፣ በየስብሰባችን «ሰልፉ መቼ ነው?» ከመባሉ በፊት «ፊርማው የማን ነው?» ቢባል እመርጣለሁ። በእርግጥ ይህም በር የራሱ አደጋ አለው፤ አንድ ሚኒስትር የሰጠውን ቀጥሎ የሚመጣው ላያድሰው ይችላል።